ወንፊትን ላመጣ ጅቡቲ ሄጄ

ጅቡቲን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማታዩ ሰዎች የምጽፍ ስለሆነ ባሕሩን እንድተርክላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ባሕሩን አየሁት። ሰማያዊ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ይሸታል። እኔ ግን የሄድኩት በረኛችንን ለማምጣት ነበርና ይህ ማስታወሻ ከባሕሩ ይልቅ ስለ በረኛው ያወራል። ካልተመቻችሁ ከወዲሁ ተዉት።

ሰብለ እባላለሁ፤ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማችን ሁለት ክለብ አላት። ትልቁን ሬዲዮ ያወራለታል፣ ባለሀብት ይሽቀዳደምለታል። እኔ የታናሹ ነኝ፣ የቀይ ለባሾቹ። ባንዲራቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ጨዋታ ባላቸው ቀን ሱቄ ዝግ ነው። አስተያየቴን የጠየቀኝ ባይኖርም እናገራለሁ፤ አጥቂዎቻችን ሰነፎች ናቸው፣ አሰልጣኛችን ፈሪ ነው፣ ሜዳችን አቧራ ነው። ይህን እኔ ስናገር ያምርብኛል። ሌላ ሰው ሲናገር ከሰማሁ ግን እጣላለሁ።

ዘንድሮ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባን። በረኛችን ትከሻው ወልቆ ተቀመጠ፤ ተጠባባቂው ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ናሆምን ያስታወስነው። ናሆም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የኛ በረኛ ነበር። ኳስ በብብቱ ሥር ትሾልክበት ስለነበር ደጋፊው «ወንፊት» ብሎ ሰየመው። ገና ለልምምድ ሲገባ «ወንፊት! ዱቄቱን አሳልፈው!» እንል ነበር። ቲኬት የቆረጠ ሰው የመሰለውን ይላል፣ ኳስ እንደዚህ ነው። በኋላ ጅቡቲ ሄዶ ቢጫ ለባሽ ለሚባል ቡድን ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ የምንሰማው እዚያ ጎል የሚባል ነገር እንደማይገባበት ብቻ ነው። እዚህ ሲሾልክበት የነበረ ሰው እዚያ ሄዶ እንዴት ግንብ እንደሚሆን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

የአክስቴ ልጅ አልማዝ ጅቡቲ ነው የምትኖረው፤ አያቷ በምድር ባቡር ሥራ ሄደው እዚያው ቀሩ። ለልጇ ክርስትና ስትጠራኝ የደጋፊ ማኅበራችን ሰብሳቢ ቶፊቅ ሱቄ ድረስ መጣ። «ሰብሌ፣ ዝውውሩ ሳይዘጋ ወንፊትን ይዘሽው ነይ» አለኝ። «ያንቺን ቃል ይሰማል። ካልመጣ ወረድን።»

ማክሰኞ

አሮጌው ባቡር ጣቢያችን ከቤቴ በእግር ይደረሳል፤ ባቡር ግን የለበትም። አዲሱ ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ስለሆነ በባጃጅ ተንገጫግጬ ደረስኩ። በሻንጣዬ ለአልማዝ በርበሬና ሽሮ፣ ለሕፃኑ የክርስትና ልብስ፣ ለናሆም ደግሞ ራሴ የሰፋሁት ቀይ ማልያ ይዣለሁ። ልኩን በቃሌ ስለማውቀው ሜትር አላስፈለገኝም።

አጠገቤ አንዲት ጅቡቲያዊት ነጋዴ ተቀመጠች። ገና ሳንነሳ ሳምቡሳ አወጣችና ካልበላሽ ብላ አስጨነቀችኝ። ሱማሊኛዬ የገበያ ነው፣ ጨርቅ ለመሸጥ ይበቃል፤ የእሷም አማርኛ እንደዚያው ስለሆነ ተግባባን። አይሻ የምትባለውን ከተማ አልፈን ባቡሩ በረሃ መሃል ቆመ። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ተኝተዋል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደገመ፣ ሰለሰ፤ ግመሎቹ አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። ተከላካዮቻችን እንደነዚህ ቦታቸውን ይዘው ቢቆሙ ኖሮ እኔ አሁን እዚህ ባቡር ላይ ምን አደርግ ነበር? ለሴትዮዋ ይህን ብነግራት እስክታነባ ሳቀች፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

በመስኮቱ የመብራት ምሰሶው አብሮን ይሄዳል። «መብራታችን ከናንተ ነው» አለች ደስ ብሏት። «ውሃውም ከናንተ ነው። ጫቱም።» ቲማቲሙን እኔ ጨመርኩላት፤ በረኛውን ግን ዋጥኩት። ውሃችንን ጠጡ፣ በመብራታችን አበሩ፣ ጫታችንን ቃሙ፣ ይሁን። በዚህ ላይ የሰው በረኛ መመኘት ምን ይባላል?

ነጋድ በሚባለው የጅቡቲ ጣቢያ የአልማዝ ባል ጌታቸው ተቀበለኝ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን አጠበኝ። ድሬዳዋ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ደገኛ በመጣ ቁጥር እጎርራለሁ። እሱንም በልጠውን ቁጭ አሉ።

ረቡዕ

የአልማዝ ቤት ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ቤቱ በቤት ላይ ተደራርቦ፣ በየደጁ አንድ የሚሸጥ ነገር አለ። ጠዋት ሴቶች ጥላ ሥር ተደርድረው ረጃጅሙን ዳቦ በጨርቅ ሸፍነው ይሸጣሉ፤ አልማዝ ሽሮዬን ሠርታ በዚያ ዳቦ አቀረበችልኝ። ጣፋጭ ነበር፤ አላልኳትም እንጂ።

ስታዲየሙን ላየው ብዬ ብቻዬን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አልማዝ የት እንደምወርድ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ረዳቱ የሚጠራውን ፈረንሳይኛ የገባኝ መስሎኝ እሺ እሺ ስል ከተማው አለቀ። ያወረዱኝ ፔካ 12 ነው፣ ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ ጫፍ። ዙሪያዬን ሳይ በሙሉ የኛ ታርጋ ያለው የጭነት መኪና ነው። በአንድ በኩል ድሬዳዋ የተመለስኩ መሰለኝና ልቤ ተረጋጋ።

አንዲት አፋር ሴት ሻይ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ቢጫ የለበሰ በረኛ እጁን ዘርግቶ ተስሏል፤ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። ከሥሩ በላቲን ፊደል የተጻፈ አለ፤ ፊደል በፊደል ቆጥሬ «ዎንፊ» ብዬ አነበብኩት።

«ማነው ይሄ?» አልኩ በሱማሊኛ።

«ዎንፊ ነዋ!» አለች ባለቤቲቱ። «አታውቂውም? ከየት ነው የመጣሽው?»

አጠገቤ ሻይ የሚጠጣ የአዳማ ሾፌር ሳቁን መያዝ አቅቶት ሻዩን ደፋው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «እትዬ፣ ወንፊት ማለታቸው ነው» አለኝ። «ፈረንሳይኛ የለመደ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል ይውጣል። ትርጉሙን አያውቁም። ደግሞ እዚህ አገር የሚነግራቸው አበሻ የለም። እኔን ሲጠይቁኝ ‹አንበሳ› ነው ያልኩት፤ አደራሽን።»

ደርቄ ቀረሁ። ስድባችንን! እኛ ለፍተን ያወጣነውን ስድብ ወስደው፣ ፊደል ቆርጠውለት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ድሬዳዋ ውስጥ የቀይ ለባሽ ሥዕል ያለበት አንድ ግድግዳ አላውቅም፤ ቢኖርማ ማታውኑ የትልቁ ክለብ ደጋፊዎች ይቀቡበት ነበር። ሴትዮዋ ጠፍቼ እንደመጣሁ ሲገባት ራሷ ይዛኝ ወጣች፣ ሚኒባስ አስቆመች፣ «ካርቲየ 3 ደጃፏ ድረስ ካላደረስካት» ብላ ሾፌሩ ላይ ጮኸችበት። እኔ ተበሳጭቻለሁ፣ እነሱ ደግ ናቸው፤ በደግ ሰው ላይ መበሳጨት እንዴት እንደሚያደክም አትጠይቁኝ።

ቤት ስደርስ አልማዝን ያዝኳት። «ታውቂ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን» አለች ሕፃኑን እያጠባች። «ጌታቸው ሲጠይቁት ‹ግንብ› ነው ይላል። እኔ ‹ጀግና› ብያለሁ። ቄሱ እንኳ ተጠይቀው የአገር ስም ነው አሉ።»

ሐሙስ

መምጣቴን አልማዝ ነግራው ናሆም የየመን ዓሣ ቤት ጋበዘን። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ ቀይ በርበሬ ቀብተው፣ ከምድጃ ግድግዳ ጋር አጣብቀው ያወጡታል፤ ከሰፌድ የሚሰፋ ትኩስ ቂጣ ይከተላል። ወረቀት ላይ ነው የሚቀርበው፣ በእጅ ነው የሚበላው። ስለ ምግቡ ከዚህ በላይ አልልም፣ ምክንያቱም ያኔ ዓይኔ ናሆም ላይ ነበር። ከበሩ እስከ ጠረጴዛችን ለመድረስ ስንቱን ሰው ሰላም እንዳለ! ዓሣ ጠባሹ ላቡን እየጠረገ ከምድጃው ወጥቶ አቀፈው። አስተናጋጁ ትልቁን ዓሣ እኛ ጋ አመጣ። ልጁ ሰፍቷል፣ አንገቱ ወፍሯል፣ ሲራመድ ወለሉ የእሱ ይመስላል። እኛ ጋ ሳለ ጥግ ጥጉን ነበር የሚሄደው።

«ደህና ነዎት እትዬ ሰብለ? ጉዞው አላደከመዎትም?» አለኝ።

እዚህ ላይ ድሬዳዋን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድሬ ሰው «እርስዎ» አያውቅም። ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ነው የሚለው፤ ንቀት አይደለም፣ የቤት ልጅነት ነው። የሌላ አገር ሰው ይደነግጥብናል፤ እኛ ደግሞ አንቱ ካሉን እንደነግጣለን። ናሆም ኳስ መጫወት ሲጀምር ሱሪው ሲቀደድ «ሰብሌ፣ ቶሎ በይ ስፊልኝ» ነበር የሚለኝ። አሁን እርስዎ አለኝ።

ማልያውን አወጣሁለት። ደረቱ ላይ አድርጎ ለካው፤ በሁለቱም በኩል ጠበበው።

«ይሰፋል አይደል?» አለ ሊያስደስተኝ።

«መልቀቂያ አልተውኩበትም» አልኩት። ጨርቁን ልክ በልክ ነበር የቆረጥኩት።

ከዚያ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። በረኛችን ስለመጎዳቱ፣ ስለ ወራጅ ቀጠናው፣ ስለ ዝውውሩ ነገርኩት። ሰፈርህ ነው፣ እናትህ እዚያ ናት፣ ደጋፊው ሌት ተቀን ስምህን ያነሳል አልኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። ልቡ ሲላላ አየሁ፤ ይህን አልዋሽም፣ ሲላላ አይቻለሁ። ልክ ያኔ ስልኬ ጮኸ። ቶፊቅ ነው። የምግብ ቤቱ ጫጫታ አላሰማ ስላለኝ ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እህ ሰብሌ!» አለ ቶፊቅ፣ ዓሣ ቤቱ በሙሉ እየሰማ። «ወንፊትን አገኘሽው ወይስ ዓሣ እየበላሽ ነው?»

ከኋላው የሰው ሳቅ ይሰማል። አንዱ «ዱቄቱን አሳልፎ ይምጣ በይው!» አለ።

አልማዝ ዓይኗን ጨፈነች። ናሆም ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «ቶፊቅ፣ ሰላም ነህ?» አለ።

እዚያ ማዶ ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ «ናሆሜ! ጀግናችን! የኔ ጌታ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ ወይም ቶፊቅ ራሱ ቆረጠው።

ናሆም እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጠ። «ስሚኝ ሰብሌ» አለኝ፤ እርስዎው ቀረ። «እዚህ የመጣሁ ቀን ልምምድ ላይ ቅጽል ስምህ ማነው አሉኝ። ሌላ የለኝማ፤ ያንኑ ነገርኳቸው። እዚህም በእሱ ነው የምጠራው። እዚህ ስሰማው ኳሷ ትታየኛለች። እዚያ ስሰማው ገና ሳትመታ እጄ ይፈታል። ምን ላድርግ?»

«አሁን በስምህ ነው የምንጠራህ» አልኩት።

«አሁን ሰማሁት እኮ» አለ፣ ስልኬን በአገጩ እያመለከተ። ከዚያ ዓሣውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እሺ፣ አስብበታለሁ» አለኝ። እሺ፣ አስብበታለሁ የሚል ያገሬ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ላስረዳችሁ አያስፈልግም።

ዓርብ

ዓርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው፤ ቢጫ ለባሾቹ ጨዋታ ነበራቸው። አልማዝ ቢጫ ሻሽ አስራ ወጣች፤ ገና ደጅ ላይ ተኳረፍን። ስታዲየሙ ሰው ሠራሽ ሣር ነው፣ አረንጓዴ፣ አቧራ የለ፣ ጉድጓድ የለ። የኛ ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው የሚወጡት። ከወደቡ በኩል ትንሽ ነፋስ ሲመጣማ ለእነሱ ነፋስም ይላክላቸዋል ብዬ አማረርኩ።

ከጎኔ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡ አብዲላሂ የሚባሉ የጌታቸው ጎረቤት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አዴር ይላቸዋል፣ አጎት እንደማለት ነው። ጥላቸውን ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው በመሐረብ ተሸፈኑ። ናሆም ሲገባ ትሪቡኑ ተነሳና «ዎንፊ! ዎንፊ!» አለ። ስሙ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው፤ እኛ ስንለው ከአፍንጫ ነበር የሚወጣው።

ናሆም አንድ ኳስ ከማዕዘን ላይ አወጣ፣ አንዱን በእግሩ አከሸፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንዲት እንድትገባበት ተመኘሁ። አንዲት ብቻ፤ እነዚህ ሰዎች የተሸከሙት የማንን ዕቃ እንደሆነ እንዲያዩት፣ እንዲጠሉት፣ እንዲመልሱልን።

ገባችበትም። ያቺው የማውቃት ጎል ናት። ቀላል ኳስ፣ ዘገምተኛ፣ በብብቱ ሥር ሾለከች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተነሳሁ። እጄን አፌ ዙሪያ አደረግሁ። ትሪቡኑ እስኪጀምር ጠበቅሁ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ቀዳሚ መሆን አልወድም።

ከዚያ ከታች አንድ ሰው «ዎንፊ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም፣ ቅድም ሲገባ ከዘፈኑለት አብልጠው። ናሆም ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወረወረና ጓንቱን አጠበቀ። እኔ እጄን አፌ ዙሪያ አድርጌ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ዕለት ቀንቼ አላውቅም። ሰርግ ላይ፣ ባል ላይ፣ ቤት ላይ ቀንቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላውቅም።

አዴር አብዲላሂ ተቀመጪ ብለው በጥላው ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ አንቺ ከአገሩ ነሽ አሉ» አሉኝ በሱማሊኛ። «እዚህ ያሉት ሐበሾች አንዱ አንበሳ ይለኛል፣ አንዱ ግንብ፣ አንዱ ጀግና። ዎንፊ ማለት በእውነት ምንድነው?»

ከፊታችን ያሉት አበሾች በሙሉ ዞሩ። አልማዝ እጄን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። አንድ ቃል ነው የሚበቃኝ። አንዴ ከተነገረ በማግስቱ ከተማው ሙሉ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ይቀባል፤ ናሆምም እዚህ መቆም ሲያቅተው የሚሄድበት ሌላ የለውም፣ ከእኔ ጋር ሰኞ ባቡር ላይ ይሆናል። ቡድናችንም ይተርፋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራሴ ውስጥ አለፈ።

ግን ወንፊት በሱማሊኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ጨርቅ ነው የምሸጠው፣ ዱቄት አይደለም። ስለዚህ ሁለት እጄን ዘርግቼ እንደሚነፋ ሰው ግራ ቀኝ አወዛወዝኩ። «የቤት ዕቃ ነው» አልኩ። «ዱቄት ስታዘጋጅ ጠጠሩን፣ ቆሻሻውን ...» አልኩና ቆምኩ። አልማዝ ትንፋሿን ይዛለች። ዱቄቱ እንደሚያልፍ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሜዳውን አየሁት፣ ናሆም ጉልበቱን አጥፎ ኳስ እየጠበቀ ነው። «... የሚያስቀር ነው። ጠጠሩን የሚያስቀር» አልኩ።

አዴር እጃቸውን እንደኔ እያወዛወዙ ጥቂት አሰቡበት። «ይሄ ከአንበሳም ይበልጣል» አሉ። «እንጀራችን ውስጥ ድንጋይ እንዳይገባ የሚጠብቅ ሰው። ጥሩ ስም አውጥታችሁለታል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ክፋት የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ብቻ ነው። «ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሰው እናንተ ምን ሆናችሁ ለቀቃችሁት?»

ያልሰማሁ መሰልኩ። ነፋሱ ያላሰማኝ መስሏቸው ጠጋ አሉና ደገሙልኝ።

ጨዋታው አንድ እኩል አለቀ። እሑድ ክርስትናው አማረ፤ የሰፋሁት ልብስ ለሕፃኑ ልክ ሆነ። ሰኞ ናሆም ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ፣ ሻንጣዬን ራሱ ተሸከመ፤ ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ቀዩን ማልያ ለታናሽ ወንድሜ ስጪልኝ ብሎ መለሰልኝ። የመልሱን መንገድ አልጽፍም፣ ግመልም አልነበረበትም።

ድሬዳዋ ስደርስ ቶፊቅና ጓደኞቹ ሱቄ በር ላይ ጠበቁኝ። «ይመጣል?» አሉኝ፣ ገና ቁልፉን ሳላወጣ።

«አይመጣም» አልኩ። «አንድ ሽማግሌ ግን ጥያቄ ልከውላችኋል።» እንደሰማሁት፣ በሱማሊኛው፣ ነገርኳቸው። የድሬ ልጆች ናቸው፤ ትርጉም አላስፈለጋቸውም።

ቶፊቅ መሬት መሬቱን አየ። «አንቺ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» አለኝ።

«አንተ እንድትመልስላቸው ነው ይዤው የመጣሁት» አልኩት።

ዝውውሩ ተዘጋ። ቶፊቅ እስካሁን አልመለሰልኝም።